ከአጎቴ የተረከብኩት ኒኮን ዲ70፦ ልሽጠው ወይስ ልስራበት?

የፍኖቴ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጉዳዩ አንድ አሮጌ ካሜራ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ለብዙ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ሱቁን ለቀቀና እኛ ዘንድ መጣ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጥቁር ቦርሳ አወጣና "እንካ፣ አንተ ጋ ይሻለዋል" አለኝ። ስከፍተው ኒኮን ዲ70 ነው። 18-70 የሚል ሌንስ ተገጥሞበታል። ሌላ አጭር 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ደግሞ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንድ ባትሪ፣ አንድ ቻርጀር፣ 256 ሜጋባይት የሚል ወፍራም ካርድ። የእጀታው ጎማ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተልጦ ለስልሷል። አጎቴ ስንት ሙሽራ እንዳነሳበት ያን ቦታ በጣቴ ስነካው ነው የገባኝ።

ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው ወዲያው በራ። ጓሮ ወጣሁና እናቴን ጌሾ ስትቀጥፍ አነሳኋት። የቅጠሉ አረንጓዴና የፊቷ ጠይምነት እንዲህ ሆኖ በስልኬ ወጥቶልኝ አያውቅም። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየሁት።

ግን ያልገቡኝ ነገሮች አሉ። ነጠላዋ ፀሐይ ባረፈበት ትከሻዋ ላይ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ክሩ አይታይም። ሰማይ ያለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ቀኝ ጥግ፣ ወደ ላይ፣ አንድ ግራጫ ነጥብ አለች፤ ቦታዋን አትለቅም። የጎረቤት ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ያነሳሁት ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ወጣ። ላዩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ክሎክ የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ጓደኞቼ "6 ሜጋፒክስል? ስልክህ 50 አይደለም እንዴ፣ ሽጠው" ይሉኛል። ገዢም ተገኝቷል። በሌላ በኩል ደግሞ የድሮ ሲሲዲ ካሜራ ቀለሙ ይለያል የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። ጥር 23 ደግሞ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ መሄዴ አይቀርም። ይህን ካሜራ ይዤ ልሂድ? ሲሲዲ የሚሉት ነገርስ ምንድን ነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።


ጣና_ዳር

ወንድምዓለም፣ አትሽጠው። ዛሬ ለዲ70 የሚሰጥህ ብር አንድ ደህና ሌንስ አይገዛልህም። እኔ ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የመጀመሪያዬ ዲኤስኤልአርም (ሌንሱ የሚቀያየር ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራ) ይኸው ነበር። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ልመልስልህ።

ከሜጋፒክስሉ ልጀምር። ዲ70 የወጣው በፈረንጆች 2004 መጀመሪያ ላይ ነው። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ሶኒ የሰራው ሲሲዲ ሆኖ 23.7 በ15.6 ሚሊሜትር ይሰፋል። 3008 በ2000 ነጥብ ይሰጥሃል፣ ያ ነው 6 ሚሊዮን የሚሉት። አሁን ስልክህን አስብ። 50 ሚሊዮኑን ነጥብ የትንሽ ጣት ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ ነው የደረደረው። የዲ70 አንዷ ነጥብ (ፒክስል) ጎኗ 7.8 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የስልክህ 1 ማይክሮን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ፒክስል ማለት ብርሃን የሚያጠራቅም ጉድጓድ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ሰፌድና ስኒ ደጅ ላይ ብታስቀምጥ የትኛው ላይ ብዙ ጠብታ እንደሚያርፍ ታውቃለህ። ስልኩ የሚያንሰውን ብርሃን በብዙ ስሌት ነው የሚያካክሰው፤ አብዛኞቹ ባለ 50ዎቹም አራት አራቱን ፒክስል አዋህደው 12 ሚሊዮን ነው የሚያስቀምጡልህ።

ሲሲዲ ምንድን ነው ላልከው። ብርሃን ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ያ ኤሌክትሮን ጉድጓዷ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥያቄው ያን ያህል ሚሊዮን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን እንዴት አድርገን እንቁጠረው ነው። እኛ ጋ በወንፈል ቤት ሲመረግ አይተህ የለ? ጭቃው ከተቦካበት እስከ ግድግዳው ሰው ይደረደርና ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። ሲሲዲ እንደዚያ ነው የሚሰራው። የአንዷ ፒክስል ክምችት ለጎረቤቷ ይተላለፋል፣ ጎረቤቷም ለሚቀጥለው፣ እያለ እያለ ጫፍ ላይ ያለው መለኪያ ዘንድ ይደርሳል። ሁሉም ፒክስል በአንድ በር ወጥቶ በአንድ መለኪያ ነው የሚለካው። የዛሬዎቹ ሲሞስ የሚባሉት ግን እያንዳንዷ ፒክስል አጠገብ የራሷ ማጉያ አለ፣ መቀባበል የለም። ለዚህ ነው ፈጣኖቹም ኃይል ቆጣቢዎቹም እነሱ የሆኑት፤ ገበያውንም የወሰዱት በዚህ ነው። ሲሲዲን በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ያፈለቁት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ነበሩ፣ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል።

አሁን መስመሩን ልንገርህ፤ ካሜራህ አልተበላሸም። የዲ70 ሴንሰር ከእያንዳንዱ የፒክስል ተርታ ጎን ብርሃን እንዳይገባው የተሸፈነ ጠባብ ቦይ አለው። ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ፈጣን ሲሆን ከሴንሰሩ ፊት ያለው መጋረጃ ሳይሆን ሴንሰሩ ራሱ ነው ጊዜውን የሚቆርጠው። ክምችቱ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ወደ ቦዩ ይሻገራል። ታዲያ ፀሐይ ወይም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሲኖር ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሳ ጉድጓዱን ሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈሳል፣ የዚያን ተርታ ፒክስል በሙሉ ይበክላል። እሱ ነው ቀጥ ያለው መስመር። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 200 ላይ አድርገህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አድርገህ፣ ሻተሩን ከ1/250 ሰከንድ ዝግ ብታደርገው መጋረጃው ራሱ ስለሚዘጋ ይጠፋል። ወይም ቆርቆሮውን ከፎቶው አስወጣው።

ይህ ቦይ ግን ትልቅ ጥቅምም አለው። ዲ70 ፍላሽ ከሻተር ጋር እስከ 1/500 ድረስ አብሮ ይሰራል። ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ ውድ ካሜራዎች 1/250 ላይ ይቆማሉ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሙሽሪት ዓይን ጉድጓድ ጥላ ሲሆን ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? በ1/500 ፍላሹን ለቀቅ ታደርግላታለህ፤ ጥላው ይሞላል፣ ሰማዩም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ነጥቧ አቧራ ናት። ክሎክ የሚለው የውስጥ ሰዓት ባትሪ ነው፤ በራሱ ቻርጅ ይሆናል። ዋናውን ባትሪ ሞልተህ ካሜራው ውስጥ ሁለት ቀን ተወው፣ ከዚያ ሰዓትና ቀኑን ሙላ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚቀበልህ።


እንጅባራ_አፋፍ

ሰላም። ጣና ዳር ጥሩ አስረድተሃል። እኔ ግን ስለ ቀለሙ የሚባለው ነገር ላይ አልስማማም፣ ልጁም ተሳስቶ እንዳይሄድ መናገር አለብኝ።

"ሲሲዲ ቀለም" የሚባል የተለየ ተአምር የለም። ሲሊከን ቀለም አያውቅም፣ ሲሲዲም ይሁን ሲሞስ። ቀለም የሚመጣው ከፊቱ ከተለጠፈው ማጣሪያ ነው። እያንዳንዷ ፒክስል ላይ ወይ ቀይ ወይ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ማጣሪያ አለ። ከአራት ፒክስል ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ይህን አደራደር ያወጣው የኮዳኩ ብራይስ ባየር ነው፣ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው በ1976። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን ዝርዝርን በብዛት የሚለየው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። የቀረውን ሁለት ሁለት ቀለም ካሜራው ከጎረቤት ፒክስሎች እያየ በግምት ይሞላዋል። የጥበብ ቀሚስ ጥለት አስቡ። አፍንጫህን አስጠግተህ ስታየው አንድ አንድ ቀለም ያለው ክር ነው፤ ራቅ ስትል ነው አንድ ሆኖ የሚታይህ።

ስለዚህ የእናትህ ፎቶ ያማረው ማጣሪያው፣ የዚያን ጊዜ የኒኮን የቀለም አቀማመር፣ ሌንሱና በተለይ የጓሮው ብርሃን ተገናኝተው ነው። ስልኩ ደግሞ ፊትን አለስልሶ፣ ጥላን አንስቶ፣ ሁሉን እኩል አብርቶ ነው የሚሰጥህ። ዲ70 ጥላውን ጥላ አድርጎ ይተወዋል። የወደድከው ይህን ይመስለኛል።

ሌላው፣ ጥለት ካነሳን አይቀር። የዲ70 ሴንሰር ፊት ላይ ያለው ማለዘቢያ ማጣሪያ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሹል ይሆናል፣ ግን የደቀቀ ሽመና ስታነሳ ያልነበረ ቀስተ ደመና ይወጣብሃል። ነጠላ፣ ኩታ፣ የሱፍ ኮት ላይ አይቻለሁ። የክሩ ጥግግትና የፒክስሉ ጥግግት ሲቀራረቡ ነው ይህ የሚሆነው። ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ ብትል ይጠፋል።

ስለ እህትህ ሠርግ ግን ቁርጡን ልንገርህ። አንድ ባትሪ፣ አንድ አሮጌ ካርድ፣ የ20 ዓመት ካሜራ ብቻህን ይዘህ አትግባ። ሠርግ አይደገምም። ማታ ዳስ ውስጥ በአንድ አምፖል ዲ70 1600 አይኤስኦ ላይ ጥራጥሬ የመሰለ ፎቶ ነው የሚያወጣልህ። የዛሬ ስልክ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ ስለሚደራርብ ማታ ላይ በብዙ ይበልጠዋል። ዋናውን ሥራ የሚሰራ ሌላ ባለሙያ ይኑር፣ አንተ ደግሞ ቀን ቀን በዲ70 አንሳ። ይህን የምለው ካሜራውን ንቄ አይደለም። እኔ የአክስቴን ልጅ ሠርግ በአንድ ካርድ ብቻ ገብቼ፣ ካርዱ ማጫው ላይ እምቢ ብሎኝ፣ እስከ ዛሬ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።


ባለ_ፎቶ_ሞጣ

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? እኔ ሞጣ ነኝ። በፊልም ጀምሬ ዲጂታል ላይ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ያጎትህን ዘመን ሰው ነኝ ማለት ነው። የፊልሙን ጨለማ ክፍል ትቼ መጀመሪያ የያዝኩት ዲጂታል ይኸው ዲ70 ነበር።

ይህ ካሜራ ሲመጣ ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ለመናገር ይከብዳል። ኮዳክ በ1991 የመጀመሪያውን ለገበያ የዋለ ዲጂታል ኤስኤልአር ሲያወጣ የኒኮን ኤፍ3 አካል ላይ ነበር የሰራው። 1.3 ሜጋፒክስል ነበር፤ ፎቶው የሚቀመጥበት ሳጥን ለብቻው ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። በ1999 ኒኮን ዲ1ን አወጣ፣ 2.7 ሜጋፒክስል፣ ዋጋው 5 ሺህ ዶላር ገደማ። እኛን መሰል ሰው አይታሰብም ነበር። ከዚያ በ2003 የካኖን 300ዲ፣ ለጥቆ ዲ70 ከ1,000 ዶላር በታች ሲገቡ ነው ነገሩ ወደ ትንንሽ ፎቶ ቤቶች የወረደው። በፊልም ጊዜ እኮ 36 ፎቶ ነበር ያለህ። ሙሽሪት ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ የምታውቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው።

አሁን ነጠላውን ልንገርህ የኔ ልጅ። ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ዲጂታል ግን ጉድጓዱ ከሞላ ሞላ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚመዘግበው የለውም፤ ነጭ ወረቀት ይሆናል። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፊት ጠይም፣ ልብስ ነጭ፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ላይ፣ ፀሐይዋ ስለት። ካሜራው ጠይሙን አይቶ ብርሃን ሲጨምር ነጠላው ይነድዳል፣ ጭራሽ ነጭ ይሆናል ማለት ነው። እኔ የማደርገው ይህ ነው። መጨመሪያና መቀነሻ የሚል ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፣ ከማንሻው አጠገብ። እሱን ይዘህ ከኋላ ያለውን ጎማ አዙር፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት ቀንስ። ፊቱ ትንሽ ጠቆር ይላል፣ አትደንግጥ። ሬው በሚባለው ጥሬ ፋይል ካነሳህ ፊቱን በላፕቶፕ ላይ ታነሳዋለህ። የነደደ ነጠላ ግን በምንም አይመለስም። ፎቶውን ካነሳህ በኋላ የሞላውን ቦታ ብልጭ እያደረገ የሚያሳይ ገጽ አለው፣ ፎቶው ተከፍቶ ሳለ የቀስት ቁልፎቹን ስትጫን ታገኘዋለህ። ነጠላው ብልጭ ካለ ደግመህ አንሳ።

የተጠቀለለውን 50 ሌንስ አጎትህ በነጠላ የጠቀለለው ያለ ነገር አይደለም። ዲ70 ውስጥ ፎከስ የሚያዞር ሞተር አለ፤ ከሱ በኋላ የመጡት ረከስ ያሉት፣ ዲ40ን የመሰሉት፣ ይህ የላቸውም። ስለዚህ ያ ሌንስ በራሱ ፎከስ ያደርግልሃል። በዚህ ሴንሰር ላይ 50ው እንደ 75 ነው የሚያይ፤ ለፊት ፎቶ የተሰራ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ከሆነ 1.8 ላይ ክፈተው፣ አይኤስኦ 800፣ ክንድህን ደረትህ ላይ አስደግፍ። መጀመሪያ ግን አባቶችን አስፈቅድ፣ ፍላሽም አታብራ።

ስለ ማተም አትጨነቅ። 3008 ነጥብ በኢንች 300 ብታትመው 25 በ17 ሴንቲሜትር ይወጣል። ኤ4 ላይም ማንም ሰው ጉድለት አያይበት። ግድግዳ ላይ ያሉ ስንት የሠርግ ፎቶዎች ከዚህ ካሜራ ወጥተዋል፤ ባለቤቶቹ ሜጋፒክስል ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።


የፍኖቴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ የነጠላውን ነገር እንዳሉኝ አደረግኩ። እናቴን እዚያው ጌሾው ስር አቁሜ ዜሮ ነጥብ ሰባት ቀንሼ አነሳኋት። ክሩ አንድ በአንድ ይታያል! የጥለቱ ጫፍ ላይ የተበጠሰች አንዲት ቀይ ክር ሳይቀር ወጥታለች። አጎቴን ሳሳየው ላፕቶፑን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና "አዎ፣ እንደዚህ ነው" አለ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሬው ላይ ሳደርገው 20 ምናምን ፎቶ ብቻ ነው የቀረህ ይለኛል። እንጅባራ ይህን ይዤ ምን ላደርግ ነው? ካርዱንም እዚህ የሚያውቀው የለም፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ጨርሶ ካርድ መሆኑን አላመኑኝም። አቧራዋንስ እንዴት ላውጣት?


ጣና_ዳር

ቁጥሩን አትመነው። ካሜራው የሚያሳይህ ሬው ፋይሉን ሳያሳንስ ቢሆን የሚይዘውን ነው። በተግባር ግን አሳንሶ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንዱ 5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወደ 40 ይጠጋል፣ ያልፍም ይሆናል። እያነሳህ ስትሄድ ቁጥሩ ቶሎ እንደማይቀንስ ራስህ ታየዋለህ።

ካርዱ ኮምፓክት ፍላሽ ይባላል። ባለ 2 ወይም ባለ 4 ጊጋ ይበቃሃል፣ ከዚያ በላይ አትፈልግ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለህ የካሜራ ዕቃ የሚሸጡ ቦታዎች ጠይቅልኝ በለው፣ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጠው። ስትገዛ ካርዱ አንድ ጠርዝ ላይ ያሉትን 50 ቀዳዳዎች ተመልከት፤ የተዘጋ ወይም የሰፋ ካለ ካሜራው ውስጥ ያለውን ቀጭን መርፌ ያጣምምብሃል። ስታስገባም በኃይል አትግፋ። ማንበቢያ መግዛት አይጠበቅብህም፣ ካሜራውን በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል። ዘገምተኛ ነው ብቻ፣ ሻይ አፍልተህ ትመለሳለህ። ሬውን ለመክፈት ዳርክቴብል የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ የዲ70ን ፋይል ያነባል። ተጨማሪ ባትሪ ከፈለግህ ኢኤን-ኢኤል3 ወይም ኢኤን-ኢኤል3ኢ የሚል ሁለቱም ይገባል።

አቧራው። መጀመሪያ ቦታዋን እርግጠኛ ሁን። የሌንሱን ቀዳዳ 22 ላይ አጥብበህ ባዶ ሰማይ አንሳ። ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ ከላይ ያለች ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች ናት። ሌንሱን አውልቀህ ከፊት ስታየው ቀኝና ግራው ግን አይለወጥም። አንተ ቀኝ ከላይ ካልክ፣ ስታየው ቀኝ ከታች ፈልጋት።

ሜኑው ውስጥ ለጽዳት መስታወቱን አንስቶ የሚይዝ ምርጫ አለ። ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት፤ መሃል ላይ ኃይል ካለቀ መስታወቱና መጋረጃው እጅህ ላይ ይዘጋሉ። ካሜራውን አፉን ወደ መሬት አዙረህ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ሦስት አራት ጊዜ ንፋ። ለሕጻን ጆሮና አፍንጫ ማጽጃ ብለው መድኃኒት ቤት የሚሸጡት፣ አዲስና ደረቅ ከሆነ ይሰራል። ጫፉን ወደ ውስጥ አታስገባ። በአፍህ እንዳትነፋ፤ ምራቅ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ከአቧራው ይብሳል። ደግሞ ዕወቅ፣ እዚያ የምታየው የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሲዲው ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ማጣሪያ መስታወት ነው፤ ቢሆንም በጨርቅ አይነካም።


እንጅባራ_አፋፍ

እኔ አገሬ ስለሆነ አንድ ልጨምር። ጥር ላይ የፈረሰኞቹ ሜዳ አቧራ ነው። ያን ያህል ፈረስ አንድ ላይ ሲጋልብ ፀሐይዋ ራሷ ቡኒ ትሆናለች። እዚያ ሜዳ ላይ ሌንስ እንዳትቀይር። ጠዋት ከቤት ሳትወጣ 18-70ውን ግጠም፣ ማታ ቤት እስክትመለስ አታውልቀው። ሳታነሳ ስትቀር በላስቲክ ከረጢት ሸፍነው።

ደግሞ ይህ ካሜራ በሰከንድ 3 ፎቶ ነው የሚያነሳ። ጉግስ ላይ ቁልፉን ጭነህ ብትጠብቅ ዋናው ቅጽበት በመሃል ያመልጥሃል። ፈረሱ የሚደርስበትን ቦታ አስቀድመህ ፎከስ አድርግ፣ አንገቱን ሲሰግግና የፊት እግሩን ሲያነሳ አንዴ ተጫን። ጌጡ፣ ቀዩና ቢጫው የክር ዘርፍ፣ የሚደምቀው ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉ ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ምሳህን ብላ።


የፍኖቴ

ተመልሻለሁ። ጥር 26 ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሠርጉ። ምክራችሁን ሰማሁ፤ ዋናውን ሌላ ልጅ አነሳ፣ እኔ ቀኑን ብቻ በዲ70 ሰራሁ። ገዢውንም አልሸጥም ብዬዋለሁ። 4 ጊጋ ካርድ አንድ የሰፈራችን ሹፌር ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። ሙሽሪት ከዳሱ ስትወጣ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ በ1/500 ፍላሹን አብርቼ አነሳኋት። የካባው ወርቅማ ጥልፍ፣ ከኋላዋ የባሕር ዛፉ ምሰሶ፣ ከላይ ሰማዩ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ወጣ። ዓይኖቿ ውስጥ የፍላሹ ነጥብ ትታያለች። አንዱ የአጎቴ ልጅ የለበሰው ኮት ላይ ያ የተባለው ቀስተ ደመና መጣ፣ አንድ እርምጃ ቀረብ ስል ጠፋ። ማታ ላይ የዳሱን ጭፈራ በ50ው ሞከርኩ፣ 800 ላይ። ጥራጥሬ አለው። ግን ሚዜዎቹ እስክስታ ሲወርዱ ትከሻቸው ትንሽ የተወናጨፈ ሆኖ የወጣ አንድ ፎቶ አለ፣ እሱን አልሰርዘውም።

እንጅባራ ላይ 212 አነሳሁ። አብዛኞቹ አይረቡም፣ ፈረሱ አልፎ ጭራው ብቻ የቀረበት ብዙ ነው። አንዱ ግን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ልጓሙን ሰብሰብ አድርገው ፈረሱ ቆም ሲል፣ አቧራው ከኋላቸው በጠዋት ፀሐይ በርቶ። ፊታቸው ግማሹ ጥላ ነው። ጥላውን አልነካሁትም። አሳትሜ ለአጎቴ ሰጠሁት፣ ከአልጋው ራስጌ አድርጎታል።

አሁን ችግሬ ይህ ነው። ከእንጅባራ መልስ የ18-70ው ሌንስ ማጉያ ቀለበት ሲዞር ክርር ክርር ይላል፣ አሸዋ እንደገባበት። ፎከሱ ደህና ነው። ምን ላድርግ ጋሼ?


ባለ_ፎቶ_ሞጣ

እሰይ የኔ ልጅ። ዘይትም፣ ግሪስም፣ ምንም እንዳታስነካው። ሌንሱን ካሜራው ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ አስረዝመው፣ ለስላሳ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ፈልግና በቀለበቱ ስፌት ዙሪያ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ጥረግ። አፉን ወደ መሬት አድርገህ በዚያችው መንፊያ ንፋ። ከዚያ ሳታስገድደው ቀስ ብለህ አስረዝመው፣ አሳጥረው፣ በየመሃሉ ጥረግ። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረግህ አብዛኛው ይወጣል። ካልወጣ ወደ ሞጣ ስትመጣ ይዘኸው ና፣ እኔ ጋ ትንንሽ መፍቻዎች አሉ፣ አብረን እንፈታዋለን። ያንን የሽማግሌውን ፎቶም አንድ ኮፒ አምጣልኝ።